ዝምድናን ልንቀጥል ሄደን እንዳንቆርጥ፦ ከትንንሽ ልጆች ጋር ለክረምት ዘመድ ጥየቃ



ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። እዚህ በዋሺንግተን ዙሪያ ከምንኖረው መካከል ብዙዎቻችን ትኬት ቆርጠናል፤ ሻንጣም መሙላት ጀምረናል። እኛ ሰመር የምንለው የሙቀት ጊዜ ሀገር ቤት ክረምት ነው፤ ዝናቡም ጭቃውም ይኖራል። ደግነቱ እዚያም ትምህርት የሚዘጋው በዚሁ ወቅት ስለሆነ የአጎትና የአክስት ልጆች ሁሉ ቤት ይገኛሉ። ልጆቻችንን ከዘመድ ለማገናኘት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ስለዚህ ጉዞ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ነገሩን ስለማውቅበት አይደለም። አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስቼ ስለነበር ነው። ከእኔ ስህተት አንዲት እናት ወይም አንድ አባት እንኳ ቢማርበት አላህ ከመልካም ሥራ ይቆጥርልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የ2009 ክረምት

ትልቁ ልጄ ያኔ 5 ዓመቱ ነበር፤ እህቱ 2። ሁለቱም የተወለዱት እዚህ ነው። እናቴ ደሴ ናት። ልጆቼን በስልክ እንጂ በአካል አይታቸው አታውቅም።

ከአስራ ሁለት ሰዓት በላይ በረርን፤ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አደርን፤ ከዚያ ወደ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና። ጣርማበር ላይ ጉም ዋጠን። ቁልቁለቱ ላይ ልጁ አስመለሰው። ደሴ የደረስነው መግሪብ ሲቃረብ ነው። ቤቱ በዘመድና በጎረቤት ሞልቷል፤ ቡናው ቀርቧል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነስቶ ልጆቹን መሳም ጀመረ።

እናቴ እጇን ዘርግታ «ና የኔ ጌታ፣ ና እስቲ ልይህ» አለችው። ልጄ ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠ። ደግማ ስትጠራው በእንግሊዝኛ «አላውቃትም!» ብሎ ጮኸ። ቋንቋውን የማያውቀውም ሰው ትርጉሙን ከድምፁ ተረድቶታል። ቤቱ ጸጥ አለ።

ታላቅ ወንድሜ ተነሳና ልጁን ክንዱን ይዞ ወደ እናቴ ገፋ አደረገው፤ እጁንም መታ አደረገው። «አያትህን ሰላም በል!» አለው። ልጁ አለቀሰ። እኔም ያ ሁሉ የመንገድ ድካም ባለበት አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ፤ በእናቴ ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ እንደ አባት ያሳደገኝን ወንድሜን «ልጄን እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት።

ወንድሜ ራት ሳይበላ ወጣ። በቀሩት ሦስት ሳምንታት እናታችንን ሊጠይቅ የሚመጣው እኔ ከቤት ስወጣ ነበር። ሳንሰነባበት ተመለስን። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር አልተነጋገርንም። እናቴ በስልክ አንድ ቀን «ልጆቼ ሊሰበሰቡልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ተጣልታችሁ ተበተናችሁብኝ» አለችኝ።

ዝምድናን ልቀጥል፣ ሲለቱረሒም ላደርስ ብዬ ስንት ሺህ ዶላር አውጥቼ ሄጄ ዝምድና ቆርጬ ተመለስኩ።

ቀድሞ የሚደውለው ማን ነው?

ሁላችንም እንደምናውቀው ዝምድናን መቀጠል ከፈለግን የምናደርገው፣ ካልፈለግን የምንተወው ነገር አይደለም። በሱረቱ አን-ኒሳእ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አላህን መፍራትና የዝምድናን ሐቅ መጠበቅ በአንድ ላይ ተነስተዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናን ቀጣይ የሚባለው ለመጣለት የሚመጣ፣ ለሰጠው የሚሰጥ ሰው እንዳልሆነ አስተምረዋል፤ ዘመዱ ሲቆርጠው እሱ የሚቀጥለው ነው። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለትም እናውቃለን። እኔ ዘጠኝ ወር ሞልቶኝ ነበር።

በ2010 ረመዷን አንድ ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ ደወልኩለት። ሀገር ቤት ሊነጋጋ ነው፤ ለሱሑር እንደተነሳ አውቄያለሁ። «ጋሼ፣ አፉ በለኝ» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «አንቺም አፉ በይኝ» አለ። ቀጥሎ የተናገረው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «እኔ እኮ ልጅሽን አላውቀውም። የማውቀው ስሙን ነው። እሱም እኛን አያውቀንም። በማያውቀው ሰው ቤት ማታ የገባ ሕፃን ምን ያድርግ?»

እውነቱ ይህ ነው። ልጄ ባለጌ አልነበረም፤ ወንድሜም ጨካኝ አልነበረም። ሳላስተዋውቃቸው ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። እኛ ለእናታችን ያለን ፍቅር ዓመታት የፈጁ ሌሊቶችና ቀኖች የሠሩት ነው። ልጁ ከእኛ በደም ይወርሰዋል ብለን እናስባለን። ደሙን ወርሷል፤ ፍቅሩ ግን በመተዋወቅ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው ጉዞ አንድ ዓመት ያህል ተዘጋጀን። የተማርኩትን በየተራ ላካፍላችሁ።

1. ትውውቁ ከትኬቱ ይቅደም

ድሮ ስልክ ስንደውል ልጁን ጠርቼ «እማማን ሰላም በላት» እለዋለሁ። «ሰላም» ብሎ ይሮጣል። ይህ ትውውቅ አይደለም። እናቴም «ደህና ነህ? ትምህርት እንዴት ነው?» ብላ ትጨርሳለች።

የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም የአቡ ዑመይርን ታሪክ አስታወስኩ። ሕፃኑ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ወፏም ሞተች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያን ሁሉ የኡማ ጉዳይ ተሸክመው ሳለ ልጁን ባገኙት ጊዜ ስለ ወፉ ይጠይቁት ነበር። ወደ ልጁ ልብ የገቡት ልጁ በሚወደው ነገር በኩል ነው።

ልጄ አንዲት ቀይ ዓሣ ነበረችው። ለእናቴ ነገርኳት። ከዚያ ጀምሮ ቅዳሜ ጧት፣ እኛ ቁርስ ላይ ሆነን እዚያ ዐስር ሲሰገድ (በዚህ ወቅት ሀገር ቤት በ7 ሰዓት ይቀድመናል) ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው «ዓሣህ ዛሬ በላች?» ብላ ሆነ። ልጁም ስልኩን ይዞ ወደ ዓሣዋ ይሮጣል። አማርኛው በዚህ ሰበብ ተሻሻለ፤ ስለ ዓሣው ለማውራት ቃል ያስፈልገዋልና።

2. ለሁለቱም ወገን አስቀድማችሁ ንገሩ

ለልጁ፦ ቤቱ ሰው የሞላበት እንደሚሆን፣ ብዙ ሰው እንደሚስመው፣ ሰዎቹ የሚያለቅሱት በደስታ እንደሆነ ነገርነው። ፎቶ እያሳየን ማን ማን እንደሆነ አስጠናነው። መሳም ካስፈራው «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ እጅ መስጠት እንደሚበቃ፣ ዝም ብሎ መሸሽ ግን ሰው እንደሚያስከፋ አስረዳነው።

ለቤተሰብ፦ ልጁ የመጀመሪያውን ቀን ሊሸሽ እንደሚችል፣ ንቀት እንዳልሆነ ለእናቴና ለወንድሜ ነገርኳቸው። የጎረቤቱ ቡናም ለሁለተኛው ቀን እንዲተላለፍ ለመንኩ። እናቴ መጀመሪያ ቅር አላት፤ «ሰው ምን ይለኛል?» አለች። በኋላ ግን ለጎረቤት ሁሉ ራሷ አስረዳች።

3. ማን እንደሚቆጣ ተስማሙ

ሀገር ቤት ልጅ የሁሉም ነው፤ ጎረቤትም ይቆጣዋል። እዚህ ያደገ ልጅ ይህን አያውቅም። ወንድሜንና እኔን ያጣላን ይኸው ነው። ስለዚህ በስልክ ተስማማን፦ ምክር ከሁሉም ይቀበላል፤ ቅጣት ካስፈለገ ግን የእኔና የአባቱ ነው። እኔም በበኩሌ ወንድሜን በሰው ፊት ላልመልስበት ቃል ገባሁ።

ምክሩ እንዴት ይሁን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ያደገው ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ ሕፃን ሳለ ሲበላ እጁ በሳህኑ ዙሪያ ይዞር ነበር። ነቢዩ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊቱ እንዲያነሳ በለስላሳ ቃል አስተማሩት። አላሳፈሩትም። እሱም አድጎ ከዚያ በኋላ አበላሉ እንደዚያ እንደሆነ ተናግሯል። የእኛም ልጆች ለየብቻ ሳህን ለምደው አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ እጃቸው ይዞራል። ወንድሜ ይህን ታሪክ ለልጄ ነገረውና አብረው በሉ።

4. ልጁን የቤት ልጅ አድርጉት

እንግዳ የሆነ ልጅ ይሰለቻል፤ ከዚያ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ይላል። ሥራ ስጡት። እናቴ ልጄን ጎረቤት ቡና እንዲጠራ ላከችው። በር እያንኳኳ «እማማ ቡና ጠጡ ብላለች» ማለት ሥራው ሆነ። በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈሩን ሁሉ አወቀ። ነሐሴ ስለነበር ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ፍልሰታን ይጾማሉ፤ እናቴ ለእነሱ ሲባል ቡናውን ታዘገየዋለች። ልጄ «ለምን አሁን አልጠራም?» ብሎ ሲጠይቅ የጉርብትናን ሐቅ ከአያቱ ተማረ። ትንሿ ደግሞ ፈንዲሻውን ታዞራለች፤ ግማሹን እየበላች።

5. ሻንጣችን አይቅደመን

በመጀመሪያው ጉዞ ልጄ ታብሌት ይዞ ጥግ ላይ ሲቀመጥ የአጎቱ ልጆች ከኋላው ቆመው ያዩ ነበር። ስጦታውንም በመጣንበት ማታ ሁሉም ፊት ዘርግተን አከፋፈልን፤ ያነሰበት ልጅ አኮረፈ። በሁለተኛው ጉዞ ታብሌቱ አዲስ አበባ ቀረ። ስጦታውን ለየቤቱ ሄደን በግል ሰጠን። ለልጆቹ የወሰድነው አብረው የሚጫወቱበትን ኳስና የስዕል ቀለም ነው።

6. ጤናንና ጊዜን አትርሱ

ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ልጆቹን ለሐኪም አሳዩ፤ የምትሄዱበትን ቦታ ሁሉ ዘርዝሩለት። ደሴ ደጋ ናት፤ ወደ ኮምቦልቻና ባቲ ሲወረድ ግን ወባ አለ። ለትንንሾቹ የፈላ ወይም የታሸገ ውኃ ብቻ ስጡ፤ ምክንያቱንም ለአያት አስቀድማችሁ ብታስረዱ «የቤቴን ውኃ ተጸየፉት» አትልም። የደሴ ብርድም አይናቅም፤ ሹራብ ያዙ።

ጊዜውንም በእናትና በአባት ወገን እኩል ለማካፈል ሞክሩ። የባለቤቴ ቤተሰቦች ጅማ ናቸው። በመጀመሪያው ጉዞ የደረሳቸው አራት ቀን ነበር፤ አማቴ ምንም አላሉም፤ ባለቤቴ ግን ከብዶት ነበር።

የ2011 ዓረፋ

በ2011 ክረምት ተመልሰን ሄድን። እንዲያው ተአምር ሆነ አልላችሁም። ልጄ 7 ዓመት ሞልቶትም ደጁ ላይ ሲደርስ እንደገና ከኋላዬ ገባ። ልቤ ቆመ። እናቴ ግን አልተነሳችም፤ አልጠራችውምም። መደቡ ላይ እንደተቀመጠች «ለመሆኑ ዓሣዋን ለማን አደራ ሰጥተሃት መጣህ?» አለችው። «ለጎረቤታችን ልጅ» አለ ከኋላዬ። «ይመግባታል?» «በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ብዬዋለሁ።» እንዲህ እያለ፣ እየመለሰ፣ አጠገቧ ደርሶ ተቀመጠ። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

ዓረፋ በዚያ ዓመት ነሐሴ 5 ነበር። ወንድሜ ልጄን ይዞት በግ ሊገዙ ገበያ ወረዱ። ሁለት ቀን በጉን ሣር ሲያበላ ሰነበተ። የዕለቱ ዕለት ታዲያ ሥጋውን አልበላም ብሎ አለቀሰ። ሁላችንም ወደ ወንድሜ አየን። እሱ ልጁን አቅፎ «እኔም በአንተ ዕድሜ አልቅሻለሁ፤ አያትህን ጠይቃት» አለው። ከዚያ የጎረቤትና የሚስኪን ድርሻ የሆነውን ሥጋ ይዘው አብረው ለማካፈል ወጡ።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ከዘመድ ጋር የተኳረፈ ካለ ከሻንጣው በፊት ስልኩን ያንሳ። በዚህ ዓመት መሄድ ያልተመቸው ደግሞ ቅዳሜ ጧት ይጀምር። ልጁ የሚወደውን አንድ ነገር ለአያቱ ይንገርለት፤ ቀሪውን እነሱ ይቀጥሉታል።

አላህ የተቆራረጥነውን ይቀጥልልን፤ ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። መንገደኞችን በሰላም ያድርስ፣ በሰላም ይመልስ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።