ሰንሰለቱን ተወውና ብየዳውን እይ

ቆይ ማሙሽ፣ የግዢውን ቁልፍ አትጫነው። መጀመሪያ ወንበር ሳብልኝ። ከኋላህ ቆሜ ሳይህ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ወደዚያው የዲስክ ጎልፍ ቅርጫት ተመለስክ። ፎቶው ያምራል፣ አልክድም። ሰንሰለቱ እንደ ጸናጽል ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም 160 ዶላር ነው። በ18 ቅርጫት ስታባዛው 2,880 ይመጣል። ያዋጣችሁት ገንዘብ ይሸፍነዋል፣ ለመክፈቻው ቀን ምሳም ይተርፋችኋል። ልብህ ለምን እንደሄደበት ይገባኛል። ግን እህትህ የፓርክ ጥገና ላይ ስንት ዓመት እንደሠራች ታውቃለህ፤ እንዲህ ያለውን ቅርጫት ተሸክሜ ወደ ቆሻሻ መኪና የጫንኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ አድምጠኝ።

ወደ ታች ውረድ። አዎ፣ ክብደቱ ጋ። 22 ፓውንድ ይላል፣ 10 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ለጓሮ መለማመጃ ቢሆን እኔው እገዛልህ ነበር። እናንተ ግን ካውንቲው በፈቀደላችሁ ሜዳ ላይ ልትተክሉት ነው፤ ሌሊትም፣ ዝናብም፣ በረዶም እዚያው ነው የሚያድረው። የሜሪላንድን የአየር ጠባይ ደግሞ ታውቀዋለህ። ሐምሌ ላይ አየሩ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ ጥር ላይ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ብረትን የሚገድለው ይሄ መመላለስ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። ስሙን ልተወውና ድሮ የሠራሁበት አንድ ፓርክ ልክ እንደዚህ ያሉ ርካሽ ቅርጫቶች ገዝቶ ነበር። የመጀመሪያው በጋ ደስ ብሎን አለፈ። በሁለተኛው ፀደይ አንድ ቀን 7ኛው ቅርጫት አጠገብ ሳር እያጨድኩ፣ አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ከሩቅ ወረወረ። ዲስኩ ሰንሰለቱን ሻኝ አድርጎ መታው። በደንብ ነው የገባው። ከዚያ ከሰንሰለቱ በታች ወዳለው የሽቦ ሳህን ወረደና፣ ብየዳው ለቆ በተከፈተ ሁለት ሽቦ መሃል ሾልኮ ሳሩ ላይ ወደቀ። ልጁ ዲስኩን አላነሳም፤ ዞሮ እኔን አየኝ። "ይቆጠራል?" አለኝ። የዚያን ልጅ ፊት እስካሁን አልረሳውም።

ይሄ ጨዋታ እኮ ቅርጫት ያስፈለገው ለዚሁ ጥያቄ ነው። በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክ ግሮቭ ፓርክ የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ ሲከፈት ሰው የሚያነጣጥረው ተራ ምሰሶ ላይ ነበር። ነካ፣ አልነካም ጭቅጭቅ ነው። ሜዳውን የነደፈው ኤድ ሄድሪክ ከልጁ ጋር ሆኖ ሰንሰለት ከላይ የተንጠለጠለበት፣ ከሥሩ ቅርጫት ያለው ዒላማ ሠራ፤ የፈጠራ መብቱን በ1977 አገኘ። ሰንሰለቱ የዲስኩን ጉልበት ይበላል፣ ሳህኑ ይቀበለዋል፣ ጭቅጭቁ ያበቃል። ሳህኑ መቀበል ካቃተው እንግዲህ ወደ 1975 ተመለስን ማለት ነው።

አሁን ወደ ገበያው። ሰው ቅርጫት ሲመርጥ መጀመሪያ ሰንሰለት ይቆጥራል። አንተም ስትቆጥር አይቼሃለሁ። ሰንሰለት ቢበላሽ ይቀየራል፤ ኋላ ላይ እንመጣበታለን። መጀመሪያ ብረቱ ምን እንደለበሰ ጠይቅ።

የቀበና ቤታችን በር ትዝ ይልሃል? ትንሽ ነበርክ። አባባ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አረንጓዴ ይቀባው ነበር። ክረምት ሲመጣ ከላይ ምንም አይሆንም፤ ከታች ግን፣ የጣሪያው ፍሳሽ መሬት መትቶ በሚረጭበት በኩል፣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ጣቴን ከሥሩ ከትቼ ስስበው ሰፊ ቁራጭ ሆኖ ይመጣ ነበር፤ ከውስጡ እርጥብ ቀይ ዱቄት። ቀለሙ አንድ ቦታ ከተጫረ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ከሥር ለሥር ይሄዳል፤ ሲታይ ደህና ነው፣ ውስጡ አልቋል። ያ ስክሪኑ ላይ የምታየው ጥቁር ቅርጫትም ኤሌክትሮስታቲክ ቀለም ብቻ ነው የተቀባው። በምድጃ የተጋገረ ስለሆነ ከአባባ ቀለም በጣም ይጠነክራል። ግን ቀኑን ሙሉ 175 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ፕላስቲክ እየመጣ ይመታዋል፣ ሰንሰለቱ ያለማቋረጥ ይፈጨዋል፤ ሳር ማጨጃው ክር ደግሞ የምሰሶውን እግር በየሳምንቱ ይገርፈዋል። ይጫራል። ከተጫረ በኋላ የበሩ ታሪክ ነው።

አንተ የምትፈልገው በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ነው። ብረቱን 450 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የዚንክ ገንዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይነክሩታል። ዚንኩ ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል፣ ቱቦው ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ዚንክን የምወድለት ነገር ሲጫር እንኳ ብረቱን አለመተዉ ነው፤ ጭረቱ አጠገብ ያለው ዚንክ በብረቱ ፈንታ ራሱ እየተበላ ይጠብቀዋል።

ሻጩ "ጋልቫናይዝድ ነው" ቢልህ እዚያ ላይ አታቁም። በኤሌክትሪክ ስስ ዚንክ የተቀባውም በዚሁ ስም ይሸጣል። ያኛው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 12 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ በገንዳ የተነከረው ከ50 ማይክሮን በላይ ይሸፈናል። ሁለቱም ከሳጥኑ ሲወጡ ያበራሉ፤ እንዲያውም ስሱ ይበልጥ ያምራል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ጻፍለት፦ በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ነው ወይ? የተነከረው ከተበየደ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ሁለተኛውን እንዳትረሳ። ነክሮ የበየደ ሰው ዚንኩን መገጣጠሚያው ላይ አቃጥሎታል፤ በጣም የሚያስፈልገው እዚያ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቅርጫት ልጠግን ብዬ ዚንኩን በግራይንደር ሳላነሳ በየድኩት፤ ነጩ ጭስ ደረቴ ገብቶ ሌሊቱን እንደ ወባ ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ። አንተ አትሞክረው።

ዕቃው እጅህ ሲገባ ደግሞ በዓይንህ ታውቀዋለህ። የተነከረ ብረት እንደ ጧፍ ሰም ወርዶ የደረቀ ጠብታ እዚህም እዚያም ይኖረዋል፤ ቱቦው ላይ ዚንኩ የገባበትና የወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ታገኛለህ፤ ስትዳብሰው ትንሽ ይሻክራል። ከጊዜ በኋላ ግራጫ ይሆናል። ግራጫው አያስደንግጥህ፣ ጤንነቱ ነው። ከዚንኩ በላይ ቀለም የተቀባ ካገኘህማ እሰየው፤ በተለይ ሰንሰለቱ የተንጠለጠለበት የላይኛው ቀበቶ ቢጫ ሲሆን ጫካ ውስጥ ከሩቅ ይለያል።

ስም አይተህም አትግዛ። የኢኖቫው ዲስካቸር፣ የዲጂኤው ማክ፣ የዲስክራፍቱ ቼይንስታር፣ ሁሉም የታወቁ ናቸው፤ ግን በአንዱ ስም ሥር ለሜዳ የሚተከለውም ለጓሮ የሚሆነው ቀላሉም ይሸጣል። ሙሉ ስሙን አንብብ። የፕሮፌሽናል ዲስክ ጎልፍ ማኅበሩ ማረጋገጫም ይኑረው። ደረጃው ሦስት ነው፦ ቤዚክ፣ ስታንዳርድ፣ ቻምፒየንሺፕ። የሳህኑ አፍ ከመሬት 82 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፣ 6 ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ይፈቀዳል። ነገ ውድድር ልታዘጋጁ ስለምትችሉ ይሄ ይጠቅማችኋል። ማረጋገጫ አለው ማለት ግን ዝገት አይነካውም ማለት አይደለም።

አሁን ብየዳው። ፎቶውን አጉላው፤ ሳህኑ ከምሰሶው የሚገናኝበትን። እንዲያው ነጠብጣብ ነጠብጣብ አድርጎ ነው የነካካው አይደል? በያጅ ቸኩሎ ሲሠራ እንዲህ ነው። ጥሩው ዙሪያውን ይዞራል። ሳህኑን ስታስብ ደግሞ ዲስክ ብቻ አታስብ። ልጅ ይቀመጥበታል፣ ጎረምሳ ይንጠለጠልበታል፣ ማታ የሚመጣ ሰው ይረግጠዋል። "መቀመጥ ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ አያድነውም። ሽቦው ወፍራም፣ የላይኛው ቀለበት ጠንካራ፣ ከሥሩ ደጋፊ ያለው ይሁን። የምሰሶው ቱቦ ግድግዳ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ጠይቅ፤ መልስ ካልሰጡህ ያ ራሱ መልስ ነው።

ሰንሰለቱ ጋ የምታየው መንጠቆውን ነው። ጫፉ ክፍት ከሆነ በዲስክ ምት እየላላ ይወልቃል፤ በየሰኞው ጠዋት ፒንሳ ይዘህ ስትዞር ትውላለህ። ጫፉ ገጥሞ የተዘጋ ይሁን። ሰንሰለት እርስ በርሱ ስለሚፋተግ ምንም ቢለብስ ያልቃል፤ ለብቻው ታዝዞ የሚመጣ መሆኑን አረጋግጥና የአንድ ቅርጫት ሙሉ ሰንሰለት ከአሁኑ ጨምረህ እዘዝ።

ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ግን መሬቱን ነው። ምሰሶውን ቀጥታ ኮንክሪት ውስጥ እንዳትቀብረው፣ አደራህን። መሬት ውስጥ የሚቀር እጅጌ ቱቦ አለ፤ እሱን ነው በኮንክሪት የምታስሩት፣ ምሰሶው ውስጡ ገብቶ ይቆለፋል። ለእያንዳንዱ ቅርጫት ሁለት ቦታ እጅጌ ትከሉ። ቅርጫት ዙሪያ ሰው ሁሉ ስለሚቆም አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሳሩ ይሞታል፣ ከዚያ ጭቃ ነው። በየጥቂት ወሩ ቅርጫቱን ወደ ሌላው ቦታ ስታዛውሩት መሬቱ ያርፋል፣ ጨዋታውም አዲስ ይሆናል። ባዶው ላይ ክዳን አድርጉበት።

እኛ 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ነበር የምንቆፍረው። ከሥር አሥር ሳንቲሜትር ጠጠር፣ እጅጌው ጠጠሩ ላይ ይቆማል፤ አጭር ከሆነ ጠጠሩን ትጨምራለህ። ይህን አትዝለለው። ሥሩ በኮንክሪት ከተደፈነ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ ያብጣል፣ እጅጌውን እንደ ሸምበቆ ይሰነጥቀዋል። ባለ 80 ፓውንድ ሁለት ከረጢት ኮንክሪት ለአንዱ ይበቃል። ፊቱን ወደ ውጭ ትንሽ አዘንብለው፣ ውሃ ምሰሶው ሥር እንዳይተኛ። ውሃ ልኩን በሁለት አቅጣጫ አስደግፍና ቀጥ ማለቱን ሳታይ አትሂድ፤ ያዘመመ ቅርጫት ዓመቱን ሙሉ ዓይንህን ሲወጋህ ይኖራል። ብርዱ መሬት ውስጥ እስከምን እንደሚዘልቅ የካውንቲው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይነግርሃል፤ እነሱ ጥልቅ ካሉ የነሱን ስማ። ደግሞ ወደ 811 ሳትደውል አካፋ እንዳታነሳ። ባለሙያዎች መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሩን በቀለም ያሰምሩልሃል፣ በነፃ ነው።

አሁን ገንዘቡን እንየው፤ እሱ እንደሚያስጨንቅህ አውቃለሁ። የምልህ ዓይነት ቅርጫት አንዱ 450 ዶላር ቢሆን 18ቱ 8,100 ነው። የላችሁም። ዘጠኙ ግን 4,050 ነው፤ ካላችሁ ላይ ትንሽ ጨምራችሁ ትደርሱበታላችሁ። በዘጠኝ ጀምሩ። ሁለት ጊዜ የዞረው 18 ተጫወተ። ሁለተኛ እጅጌ ከተከላችሁ ደግሞ በሁለተኛው ዙር ቅርጫቱ ሌላ ቦታ ሊቆም ይችላል። ኮሚቴያችሁ "18 ብለን ለሕዝቡ ተናግረናል" ይልሃል። ንገራቸው፦ የቀሩትን ዘጠኝ መሬቱን ከልለን አስቀምጠናል፣ በሚቀጥለው ዓመት እንተክላለን። ደካማ 18 ተክላችሁ በሦስተኛው ዓመት የምትነቅሉ ከሆነ፣ ካውንቲው መሬቱን ደግሞ አይሰጣችሁም። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት የኛ ልጆች እኮ ከትምህርት ቤት ወጥተው በእግራቸው የሚደርሱበት ነፃ ሜዳ ሌላ የላቸውም። ይህን ስትናገር ድምፅህ አይነስ።

ይሄን ገጽ አሁን ዝጋው። ለሁለት ሻጮች ጻፍ፤ እነዚያን ጥያቄዎች አስገባ፣ ለናሙና አንድ አንድ ብቻ እንደምትገዛ ንገራቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጌተርስበርግ፣ ሴኔካ ክሪክ ፓርክ ይዤህ እሄዳለሁ። እዚያ ሜዳ አለ፤ ስንት ክረምት የቆመ ቅርጫት በእጅህ ትዳብሳለህ። ልጆቹንም አምጣቸው፣ ይወርውሩ። እኔና አንተ ከሥር ተንበርክከን የምሰሶውን እግር፣ ሳር ማጨጃው የሚመታውን ቦታ እናያለን። የሥራ ሱሪህን ልበስ፣ መሬቱ እርጥብ ነው።