እንጀራን ከካቬራ ማውጣት

አገር ቤት ፌስታል የምንለውን ካምፓላ ካቬራ ይለዋል። ንቲንዳ ገበያ ሽንኩርት ስንገዛ በካቬራ፣ መንገድ ዳር ሮሌክስ ስንገዛ (ሰዓቱን ሳይሆን ከእንቁላል ጋር የሚጠቀለለውን ቻፓቲ ማለታችን ነው) በካቬራ፣ እንጀራ ከጋጋሪዋ ስናመጣም በካቬራ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ አጣጥፈን እናኖረውና በርበሬውም፣ ቆሎውም፣ የተረፈው ዳቦም መልሶ እሱ ውስጥ ይገባል። እዚህ የምናጠናው ምግብ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ካቬራን ምን ሊተካው እንደሚችል ነው።

ከእንጀራ እንጀምር፤ የሁላችንም ቤት ጭንቀት እሱ ነውና። ከምጣድ የወጣ እንጀራ በእንፋሎት የተሞላ ነው። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ስናስረው እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ሲቀዘቅዝም ውሃ ሆኖ እንጀራው ላይ ይመለሳል። እንጀራው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሻጋታም የሚወደውን እርጥበትና ሙቀት ያገኛል። የእንጀራ ኮምጣጣነት ብዙ ባክቴሪያን ቢከላከልም ሻጋታን አያቆመውም። ካምፓላ ደግሞ ቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ያለች ሞቃትና እርጥብ ከተማ ስለሆነች፣ በአዲስ አበባ ብርድ የሚቆየውን ያህል እዚህ አይቆይም። እናቶቻችን እንጀራውን አብርደው ወደ መሶብ የሚያስገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። የመሶቡ ስፌት ትርፉን እርጥበት ይቀበላል፣ ቀስ እያለም ወደ ውጭ ያስወጣዋል፤ ክዳኑ ደግሞ እንጀራው እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል።

ተማሪዎች ይህን ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ከአንድ ሊጥ የተጋገሩ ሦስት እንጀራዎች ውሰዱ፤ አንዱን ትኩሱን በካቬራ፣ አንዱን አብርዳችሁ በካቬራ፣ ሦስተኛውን አብርዳችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ቅርጫት አስቀምጡ። ጠዋትና ማታ እያያችሁ ጠብታውን፣ ቀለሙንና ሽታውን ጻፉ። የሻገተውን ግን አትቅመሱ። በዓይን የሚታየው የሻጋታው ላይኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ክሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ የሻገተውን ጠርዝ ቆርጦ የቀረውን መብላት የሚባለውን ልማድ እኛ አንደግፍም።

መሶብ ከኢትዮጵያ ማስመጣት ለሁሉም ቤት አይሆንም። ግን ባጋንዳዎቹ ኤኪቦ የሚሉት፣ ከሙዝ ግንድ ልጣጭና ከራፊያ የሚሰፋ ቅርጫት አላቸው፤ አሰፋፉ ከእኛ ስፌት ጋር የአክስት ልጅ ያህል ይቀራረባል። ውስጡ ጨርቅ ተነጥፎበት ሰፌድ ቢከደንበት እንጀራ ይይዛል። አባቶቻችን መንገድ ሲሄዱ የሚይዙት አገልግልም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ውስጡ ስፌት፣ ውጪው ቆዳ ሆኖ ወጥ የፈሰሰበትን እንጀራ ሳይቀር በበቅሎ ጀርባ ያደርስ ነበር።

ካቬራን መቀነስ ለምን ያስጨንቀናል? ሕጉ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያ በደረቅ ቆሻሻ አዋጇ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለውን ፌስታል ከለከለች፤ በዚያው ዓመት ዩጋንዳም ከ30 ማይክሮን በታች የሆነውን ለማገድ በበጀት ንግግሯ አስታወቀች። ሁለቱ አንድ ልክ ናቸው። ዩጋንዳ በ2019 የአካባቢ ጥበቃ ሕጓ ክልከላውን ደገመችው፣ ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ይበልጥ የጠበቀ አዋጅ አወጣች። ቀጭኑ ካቬራ ግን ዛሬም እጃችን ላይ አለ። ከእጃችን ሲወጣ ወይ ቦይ ይደፍናል፣ ወይ ተራራ ላይ ይከመራል። የካምፓላ ቆሻሻ ለብዙ ዓመታት ይደፋበት የነበረው የኪቴዚ ክምር እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2024 ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ክምሩ የሁሉም ዓይነት ቆሻሻ ነው፤ የእኛ ፌስታልም ውስጡ አለበት።

ወደ ወጥ ቤት እንመለስ። ለዳቦ የኮባ ቅጠልን እናውቀዋለን። ዩጋንዳ ውስጥ ሉዎምቦ የሚሠራው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው፤ ቅጠሉ እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ እሳት ላይ ያሳልፉታል። በዚያው ዘዴ የለሰለሰ ቅጠል ዳቦን አንድ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ያቆያል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት፤ ቅጠሉ ራሱ ይበሰብሳል። አንዳንድ ቦታ ማቶኬ ሲቀቀል ከቅጠሉ ይልቅ በካቬራ ሲሸፍኑት ይታያል፤ ይህ አይበጅም። ሙቀትና ቅባት ከፕላስቲክ ወደ ምግብ የሚሻገረውን ነገር ያበዙታል። ትኩስ ወጥ በፌስታል ማሰርም ያው ነው፤ ለእሱ ክዳን ያለው የማይዝግ ብረት ምሳ ዕቃ የተሻለ ነው።

ለቺዝ፣ ለተቆረጠ አትክልት፣ ለዳቦ የሰም ጨርቅ ይሆናል። ይህ ከጧፍ የራቀ ነገር አይደለም፤ ጧፍ ፈትል በሰም ተነክሮ ነው፣ እዚህ ደግሞ ጨርቁ ሰም ይጠጣል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ላይ የተፈቀፈቀ የንብ ሰም በትኖ፣ በሁለት ወረቀት መሃል አድርጎ፣ ቀዝቀዝ ባለ ካውያ መተኮስ ነው (ልጆች ከወላጅ ጋር)። ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ትኩስ ነገር አይጠቀለልበትም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው። ጥሬ ሥጋ ከቶ አይነካው፤ በፈላ ውሃ ልናጸዳው አንችልምና።

በርበሬና ሽሮ በደንብ ከደረቁ በኋላ ክዳኑ ጠበቅ ያለ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ይሻላቸዋል። ቀጭን ካቬራ ሽታ ያሳልፋል፣ ነቀዝም ይበሳዋል። ወጥ በጠርሙስ ፍሪዘር ስናስገባ ጫፉ ድረስ አንሙላ፤ ውሃ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ቤት ያለውን የፕላስቲክ ባልዲና የእርጎ ዕቃም አንጣል፤ ለደረቅ እህል እስኪሰበር ያገልግል።

አንድ ነገር ይቀራል። ካቬራን ጠልቶ አዲስ የጥጥ ቦርሳ በየወሩ መግዛት አያዋጣም። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በ2018 እንዳሰላው፣ አንድ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት በኩል ብቻ ከፌስታል እኩል እንዲሆን 52 ጊዜ ያህል ማገልገል አለበት፤ ሌላው ጉዳት ሁሉ ሲደመር ቁጥሩ ወደ 7,100 ይወጣል። ጥጥ ውሃና መሬት ይበላል። ስለዚህ አዲስ ጨርቅ ሳይሆን ያረጀ ነጠላ፣ የጠበበ የትምህርት ቤት ሸሚዝ፣ የዱቄት ከረጢት ይሰፋ። እንጀራ ልትገዙ ስትሄዱ እሱን ይዛችሁ ሂዱና ጋጋሪዋን «በዚህ አድርጊልን፣ ግን ይብረድ» በሏት።