አንድ አስተርጓሚ፣ ሁለት መዝገብ፦ በዴቢያን ላይ የአፕትና የፒፕ ግጭት

በዴቢያንና ከእርሱ በተገኙ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ ሶፍትዌርን የመጫን፣ የማደስና የማስወገድ ኃላፊነት የአፕትና ከሥሩ የሚሠራው የዲፒኬጂ ነው። ዲፒኬጂ የጫነውን እያንዳንዱን ፋይል በባለቤቱ ፓኬጅ ስም መዝግቦ ይይዛል፤ ሁለት ፓኬጆች አንድን ፋይል የራሳቸው ለማድረግ ሲሞክሩም ተከላውን በስህተት ያቋርጣል። የፓይተን ፓኬጅ ጫኝ የሆነው ፒፕም እንዲሁ ለእያንዳንዱ ፓኬጅ የተጫኑትን ፋይሎች ዝርዝር ያስቀምጣል። ሁለቱም በየራሳቸው መዝገብ ውስጥ ጠንቃቆች ናቸው። ሆኖም ዲፒኬጂ ፒፕ ያስገባውን አያውቅም፤ ፒፕም ዲፒኬጂ ያስገባውን ቢያይ እንኳ ሊያስተዳድረው አይችልም። አንድ ቤት በሁለት አባወራ ሲተዳደር የሚሆነው እዚህም ይሆናል።

የግጭቱ ምንጭ የአንዱ ወገን ስንፍና አይደለም። ዴቢያን የተረጋጋ እትሙን የሚያወጣው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ሲሆን፣ በአንድ እትም ውስጥ ለአንድ ላይብረሪ በአብዛኛው አንድ ስሪት ብቻ ይመርጣል። የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ ጥገናው በአንድ ቦታ ይደረግና ላይብረሪውን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይድናሉ። ዋጋው እርጅና ነው። ባለፈው ወር የወጣ የስታቲስቲክስ ላይብረሪ የሚያስፈልገው ተመራማሪ የሚቀጥለውን እትም ሊጠብቅ አይችልም፤ ከፓይተን ማኅበረሰብ ማከማቻ በቀጥታ ይጭናል። ሁለቱም ፍላጎቶች ትክክል ናቸው። የማይጣጣሙት አንድ አስተርጓሚ ሲጋሩ ነው።

የግጭቱን አሠራር ለመረዳት ፓይተን ሞጁልን እንዴት እንደሚፈልግ ማየት ይበቃል። አንድ ፕሮግራም ሞጁልን በስሙ ሲጠራ፣ አስተርጓሚው የማውጫዎችን ዝርዝር በቅደም ተከተል እየተመለከተ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። ዴቢያን በአፕት የሚጫኑትን በሥርዓቱ ማውጫ፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን በፒፕ የሚጫኑትን ደግሞ ለአካባቢያዊ ተከላ በተለየ ማውጫ እንዲቀመጡ አድርጓል። ተጠቃሚው ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን የሚጭናቸው በራሱ የቤት ማውጫ ሥር ይገባሉ። በዚህ ክፍፍል ምክንያት አንዱ የሌላውን ፋይል አይደመስስም። ነገር ግን በፍለጋው ቅደም ተከተል የቤት ማውጫውና አካባቢያዊው ማውጫ ከሥርዓቱ ይቀድማሉ። ስለዚህ ክፍፍሉ ፋይሎችን እንጂ ስሞችን አይለይም፦ ፒፕ ያመጣው አዲስ ላይብረሪ ሥርዓቱ ያቀረበውን ሳይነካው ይጋርደዋል፤ ከአሮጌው ስሪት ጋር ተፈትኖ የወጣው የሥርዓቱ ፕሮግራምም ሳያውቅ አዲሱን ይጠራል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ያሳየው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የፒፕ 10ኛ ስሪት ሲወጣ የተከሰተው ነው። በኡቡንቱ 16.04 ላይ በአፕት የተጫነው የፒፕ ማስጀመሪያ ፋይል ጥቂት መስመሮች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ሥራው ከፒፕ ሞጁል ውስጥ ዋናውን ፈንክሽን አስመጥቶ መጥራት ነበር። በ10ኛው ስሪት ያ ፈንክሽን ወደ ውስጣዊ ክፍል ተዛወረ። ተጠቃሚው ፒፕን በራሱ በፒፕ ሲያድስ አዲሱ ሞጁል በቤት ማውጫው ውስጥ ገባ፤ የሥርዓቱ ማስጀመሪያ ግን እንደነበረ ቀረ። በሚቀጥለው ጥሪ አሮጌው ማስጀመሪያ አዲሱን ሞጁል አገኘ፤ የሚፈልገውን ስም አጣ፤ ፒፕም መሥራት አቆመ። ብዙዎች በአፕት እንደገና መጫንን ሞከሩ፤ አልረዳም። አፕት የሚመልሰው የራሱን ፋይል ነው፤ የራሱ ፋይል ደግሞ አልተበላሸም ነበር። በዲፒኬጂ መዝገብ ዘንድ ማሽኑ ፍጹም ጤነኛ ነው። መፍትሔው ፒፕን በአስተርጓሚው በኩል እንደ ሞጁል መጥራት፣ ወይም በቤት ማውጫው ያለውን ስሪት ማስወገድ ነበር። ያው 10ኛው ስሪት በአሮጌው የፓይተን አሠራር የተጫኑ ፓኬጆችን፣ የትኞቹ ፋይሎች የእነርሱ እንደሆኑ በእርግጠኝነት ማወቅ ስለማይቻል፣ አላስወግድም ማለት ጀመረ። ተጠቃሚዎች ቢያማርሩም የተሻለው ውሳኔ ይህ ነበር።

በሬድ ሃት ቤተሰብ አደጋው ሌላ መልክ አለው። የዚያ ስርጭት ፓኬጅ አስተዳዳሪ የነበረው ያም ራሱ በፓይተን የተጻፈ በመሆኑ፣ የሥርዓቱን አስተርጓሚ በሌላ ስሪት የተካ ሰው ጥፋቱን የሚያርምበትን መሣሪያ አብሮ ያጣ ነበር።

በፓይተን ማኅበረሰብ በኩል ይፋዊው ምላሽ እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበው ፔፕ 668 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ስርጭቱ ከአስተርጓሚው መደበኛ ላይብረሪ ጋር አንድ ምልክት ፋይል ያስቀምጣል፤ ፒፕ ፋይሉን ካየ፣ ከምናባዊ አካባቢ ውጭ መጫንን እምቢ ይላል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ይህን ተግባራዊ አድርጓል። እገዳው በቤት ማውጫ ውስጥ መጫንንም ይጨምራል፤ አንዳንድ ተጠቃሚዎች ይህን ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ አድርገው ቢያዩትም፣ የ2018ቱ ብልሽት የደረሰው በቤት ማውጫ በኩል መሆኑን ላስታወሰ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። እገዳውን የሚያልፈው አማራጭ ስሙ ራሱ «የሥርዓቱን ፓኬጆች ስበር» የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን፣ ስያሜው ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል። ያም ሆኖ አማራጩ ከድረ ገጽ እየተቀዳ ሳይነበብ መለጠፉ አልቀረም።

ምናባዊ አካባቢ የስም መጋረድን ያስቀራል፤ የጥገናን ኃላፊነት ግን ከስርጭቱ ወደ ተጠቃሚው ያዛውራል። ይህ በሚገባው መጠን አይነገርም። ለምሳሌ ከፓይተን ማከማቻ በዊል መልክ የሚወርደው ክሪፕቶግራፊ የተባለው ላይብረሪ የራሱን የኦፕንኤስኤስኤል ቅጂ በውስጡ ይዞ ይመጣል። አፕት የሥርዓቱን ኦፕንኤስኤስኤል ሲጠግን በዊሉ ውስጥ ያለው ቅጂ እንዳለ ይቀራል። አምስት ፕሮጀክቶች ያሉት የላቦራቶሪ ሰርቨር አምስት ቅጂዎች ሊኖሩት ይችላል፤ ከነዚህ አንዱንም አፕት አይቆጥረውም።

ከዚህ በተጨማሪ ምናባዊ አካባቢ ከሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም። አስተርጓሚውን የሚያገኘው ወደ ሥርዓቱ ፓይተን በሚያመለክት አገናኝ ነው፤ ላይብረሪዎቹ ደግሞ የስሪት ቁጥር በስሙ ላይ ባለ ማውጫ ይቀመጣሉ። ዴቢያን 12 ፓይተን 3.11ን፣ ዴቢያን 13 ደግሞ 3.13ን ይዟል። ማሽኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር አገናኙ አዲሱን አስተርጓሚ ያመለክታል፤ አዲሱ አስተርጓሚ የ3.11ን ማውጫ ስለማይመለከት የተጫነው ሁሉ የጠፋ ይመስላል። የመመረቂያ ጥናቱ ስሌት በእንዲህ ያለ አካባቢ ላይ የቆመ ተማሪ ሊጠብቀው የሚገባው አካባቢውን ሳይሆን የፓኬጆቹን ዝርዝር ከትክክለኛ የስሪት ቁጥሮቻቸውና ከአስተርጓሚው ስሪት ጋር ነው፤ ዝርዝሩም ከእድሳቱ በፊት መወሰድ አለበት። ከዚያ በኋላ አሮጌው ማውጫ ይሰረዛል፤ አዲሱ ከዝርዝሩ ይገነባል፤ ከፓኬጆቹ አንዱ በ3.13 ላይ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው አስተርጓሚ ከሥርዓቱ ውጭ ለብቻው ይጫናል።