ጢንዚዛን ከነወገኑ ማወቅ

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ጢንዚዛ አመዳደብ ነው። «ጢንዚዛ ደግሞ ምኑ ይጠናል?» እንዳትሉኝ፤ እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ነገሩ የጀመረው ርብ ወንዝ አጠገብ ካለው ከአያቴ ጓሮ ነው። አምና በበጋ የእምዬን ጎመን ክሽክሽ ያዘው። እኔ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸው ቀያይ ጢንዚዛዎች አየሁና «ጎመኑን የሚያበላሹት እነዚህ ናቸው» ብዬ አንድ በአንድ ለቅሜ ጨፈለቅኳቸው። እምዬም መረቁኝ። በሳምንቱ ግን ክሽክሹ ይቀንሳል ስንል ጭራሽ ቅጠሉን አለበሰው። ለሳይንስ መምህራችን ስነግራቸው «ዘበኛውን ገድለህ ሌባውን ለቀቅኸዋ!» አሉኝ። ለካ እነዚያ ጢንዚዛዎች ክሽክሽ በላ ነበሩ። በጣም አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ማጥናት የጀመርኩት።

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሰፊው ወደ ጠባቡ በደረጃ ይመደባል። ልክ እንደ አድራሻ ነው፤ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያልን ቤት ቁጥር ላይ እንደምንደርሰው። ለአንድ ዝርያ የሁለት ቃል ስም መስጠትን ያስለመደው የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነው። እስቲ አንድ ቅጠል በል ጢንዚዛ እንመድብ፦

1. ስፍን፦ እንስሳት
2. ክፍለ ስፍን፦ አርትሮፖዳ (እግራቸው መገጣጠሚያ ያለው)
3. መደብ፦ ነፍሳት (ባለ ስድስት እግር)
4. ክፍለ መደብ፦ ኮሊዮፕቴራ (ትርጉሙ «ሰገባ ክንፍ»፤ ጠንካራው የላይ ክንፍ ስሱን ክንፍ ስለሚሸፍን)
5. አስተኔ፦ ክሪሶሜሊዴ (ቅጠል በል ጢንዚዛዎች)
6. ወገን፦ ዚጎግራማ
7. ዝርያ፦ ዚጎግራማ ባይኮሎራታ

የእምዬ ቀያይ ጢንዚዛዎችም እስከ 4ኛው ደረጃ ከዚህ ጋር አንድ ናቸው። የሚለያዩት አስተኔ ላይ ነው፤ የእነሱ ኮክሲኔሊዴ ይባላል። በአንቴናቸው መለየት ይቻላል። የቅጠል በሉ ረዘም ያለ ክር ይመስላል፤ የክሽክሽ በላው ግን አጭርና ጫፉ ወፈር ያለ ነው። ከኮክሲኔሊዴም ቅጠል የሚበሉ ጥቂቶች ስላሉ፣ ሲበላ አይቶ ማረጋገጥ ይሻላል።

ዚጎግራማ የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ቀንበር» እና «መስመር» ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው። በዚህ ወገን ውስጥ ወደ 100 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ፤ የትውልድ አገራቸውም አሜሪካ አህጉር ነው። ድንች የሚያጠፋው ሌፕቲኖታርሳ የሚባለው ወገን የቅርብ ዘመዱ ነው። ታዲያ በምን ይለያያሉ? በእግር ጥፍራቸው! የዚጎግራማ ሁለት ጥፍሮች እንደ ተጠመዱ በሬዎች ጎን ለጎን ሆነው ከሥራቸው የተያያዙ ናቸው። የሌፕቲኖታርሳ ግን የተለያዩና የተከፈቱ ናቸው።

ዚጎግራማ ባይኮሎራታ የሜክሲኮ ጢንዚዛ ነው። ወደ አገራችን የመጣው ቅንጬ አረምን እንዲበላ ታስቦ ነው። ቅንጬ አረም እርሻና ግጦሽ የሚወር፣ ሰው የሚያሳክክ፣ ከብት ከበላው ወተቱን የሚያመር መጤ አረም ነው። ግን አንድ የሚያሰጋ ነገር ነበር። ቅንጬ አረም፣ ኑግ፣ ሱፍና አደይ አበባ በአስተኔ አንድ ናቸው! አረሙን ጨርሶ ወደ ኑጋችን ቢዞርስ? ስለዚህ ዝም ብሎ አልተለቀቀም። መጀመሪያ አምቦ በሚገኘው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ተዘግቶበት፣ ኑግን ጨምሮ በብዙ ተክሎች ላይ ተፈተነ። ከዚያ በኋላ ነው በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ወለንጪቲ ላይ የተለቀቀው። የአረሙም የጢንዚዛውም ዘመድ ባይታወቅ ኖሮ ኑግ ላይ መፈተን እንዳለበት ማን ያስብ ነበር?

እኛ የፎገራ ልጆች የሩዝ፣ የሽንኩርትና የጎመን ገበሬ ልጆች ነን። ስለዚህ ጢንዚዛ ስታዩ ከመጨፍለቃችሁ በፊት አንቴናውን እዩ፣ ምን እንደሚበላም ጠብቁ። እምዬ እንኳ ዘንድሮ ጓሮ ስገባ «አንተ ልጅ፣ ቀያዮቹን እንዳትነካብኝ!» ይሉኛል።

ጥያቄ፦ ክሽክሽ በላውና ቅጠል በሉ ጢንዚዛ እስከ ስንተኛው ደረጃ አንድ ናቸው? መልሱን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ።