ስለ ዘይት መበላሸትና ስለ ኮረሪማ

ኮረሪማ በከፋ ደን ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል ቅመም ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት በላቲን ሲሰይሙት እንኳ የአገሩን ስም ሳይለቁ «አፍራሞሙም ኮሮሪማ» ብለውታል። ጥላ የሚወድ ተክል ስለ ሆነ ደኑ በተመነጠረበት ስፍራ እርሱም ይጠፋል፤ ይህ የከፋ ደን በ2002 ዓ. ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል።

የቤት እመቤቶች ቅቤ ሲያነጥሩ ኮረሪማን ከኮሰረት፥ ከእርድና ከሌላውም ቅመም ጋራ ይጨምራሉ፤ ንጥሩም ቅቤ ለብዙ ወራት ይቈያል። ለመቈየቱ ዋናው ምክንያት ውሃው ተንኖ ማለቁ ነው፤ ቢሆንም ቅመሙ ለመዓዛ ብቻ የገባ አይደለም፤ ስብን ከአየር ጉዳት ይጠብቃል። ይህንኑ በምግብ ዘይት ላይ መመርመር ይገባል።

ብዙ ሰው ዘይት እንደ ወተት በጥቃቅን ተሐዋስያን የሚበላሽ ይመስለዋል። ነገር ግን ተሐዋስያን ውሃ በሌለበት ንጹሕ ዘይት ሊራቡ አይችሉም፤ ዘይትን ይልቁንም የሚያበላሸው በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ነው። የዘይት ቅንጣት በሙቀት ወይም በብርሃን ኀይል ሃይድሮጅኗን ስታጣ ኦክሲጅንን ትይዛለች፤ ከዚያም የጐደላትን ሃይድሮጅን ከጎረቤቷ ትነጥቃለች። የተነጠቀችውም በተራዋ እንዲሁ ታደርጋለች፤ ነገሩ በደረቅ ሣር ላይ እንደ ወደቀ እሳት ይዛመታል። በዚህ ጊዜ ፐርኦክሳይድ የሚባል ነገር በዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እርሱ ራሱ አይሸትም። ክፉው ሽታና ጐምዛዛው ጣዕም የሚመጣው ፐርኦክሳይዱ በተሰባበረ ጊዜ ነውና፥ አፍንጫ ባወቀ ሰዓት ጉዳቱ ርቆ ሄዷል።

ዘይቶች ሁሉ በዚህ ነገር እኩል አይደሉም። በጎጃምና በወለጋ የሚዘራው ኑግ፥ ከዘይቱ ከመቶ እጅ 70 ያህሉ ሊኖሌይክ የተባለ አሲድ ነው። ይህም በወይራ ዘይት ከሚበዛው ከኦሌይክ አሲድ ይልቅ ከ10 እጥፍ በላይ ፈጥኖ በኦክሲጅን ይጠቃል። እንግዲህ የኑግ ዘይት ከዚያ ተነሥቶ ቦንጋ እስኪደርስ፥ ደርሶም በነጭ ጠርሙስ በሱቅ መስኮት ፀሐይ እየመታው ገዢ እስኪያገኝ ድረስ ምን ያህል እንደሚጐዳ መገመት አያስቸግርም። የሰሊጥ ዘይትም ሊኖሌይክ አሲድ በብዛት አለው፤ ነገር ግን እጅግ ይቈያል። ሰሊጥ ሰሳሞልንና እርሱን የመሰሉ ጠባቂዎችን ከፍሬው ጀምሮ ይዞ ይመጣልና።

የጠባቂው ሥራ መስጠት ነው። ነጣቂዋ ቅንጣት ወደ ጎረቤቷ ሳትደርስ የራሱን ሃይድሮጅን ይሰጣታል፤ ሰጥቶም እርሱ ነጣቂ አይሆንም፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ ይቈረጣል። ቫይታሚን ኢ፥ በእርድ ያለው ኩርኩሚን፥ በጥብስ ቅጠል ያለው ካርኖሲክ አሲድ ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ኮረሪማም ፌኖል የሚባሉ የዚህ ወገን ንጥረ ነገሮች አሉት። የቅመሙ መዓዛ ግን የጠባቂነቱ መለኪያ አይደለም። መዓዛው በአብዛኛው ፈጥኖ ከሚተን ዘይቱ የሚመጣ ነውና፥ እጅግ የሚሸት ቅመም ሁሉ እጅግ ይጠብቃል ማለት ስሕተት ነው።

ጠባቂው ያለውን ሰጥቶ ሲጨርስ ያልቃል፤ የተቃጠለውንም ሣር መልሶ አያለመልምም። ስለዚህ በሸተተ ዘይት ላይ ኮረሪማ የሚጨምር ሰው ሽታውን ሸፈነ እንጂ ዘይቱን አላዳነም፤ እንዲያውም ልጆች የተበላሸውን ሳያውቁ እንዲበሉ ያደርጋል። ቅመም የሚጠቅመው ዘይቱ ገና ደኅና ሳለ ሲገባ ነው፤ እርሱም ፈጽሞ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ፍሬ ውሃና ሻጋታ ይዞ ይገባልና። አዲስ ዘይት በአሮጌ ዘይት ቅሪት ላይ መጨመርም ክፉ ልማድ ነው፤ የአሮጌው ፐርኦክሳይድ ለአዲሱ ክብሪት ይሆናል። መዳብና የዛገ ብረትም እንዲሁ መበላሸቱን ያፋጥናሉ። ዕቃው ጥቁር ወይም በጨርቅ የተሸፈነ፥ እስከ አፉ የሞላና በደንብ የተከደነ ቢሆን ከማናቸውም ቅመም በፊት ይጠቅማል።

የኬሚስትሪ ሰዎች የጉዳቱን መጠን በአዮዲን ይለካሉ፤ ፐርኦክሳይዱ ከፖታሲየም አዮዳይድ አዮዲንን ያወጣልና። ኮዴክስ የተባለው የዓለም የምግብ ደንብ በአንድ ኪሎ ለተጣራ ዘይት እስከ 10፥ ሳይጣራ ለተጨመቀ እስከ 15 ሚሊኢኩዊቫለንት ይፈቅዳል። ሆኖም እጅግ በቈየ ዘይት ፐርኦክሳይዱ ተሰባብሮ ቍጥሩ ይወርዳልና፥ ትንሽ ቍጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም።

በትምህርት ቤት መምህሩ ከአንድ ዕቃ የተቀዳ የኑግ ዘይት በሁለት ጠርሙስ እኩል ያድርግ። አንዱን በመስኮት፥ ሁለተኛውን በሣጥን ውስጥ ያኑር፤ ልጆቹም በየሳምንቱ አሽትተው ይጻፉ፤ አይቅመሱ። ኮረሪማ የገባበት ሦስተኛ ጠርሙስ ግን በአፍንጫ አይፈረድበትም፤ የቅመሙ ሽታ ፍርዱን ያዛባልና። እርሱ የአዮዲን መለኪያ ባለበት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ቅመም ካልገባበት ዘይት ጋራ ጎን ለጎን ይመርመር።