ንጉሥና መሥዋዕት
ለክርስቶስ ንጉሥ በዓል መዘጋጃ የሚሆን ትምህርት



በላቲን ሥርዓተ አምልኮ የዓመቱ የመጨረሻ እሑድ የክርስቶስ ንጉሥ በዓል ሆኖ ይከበራል። ይህን በዓል በ1918 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925) የሠሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ናቸው። ዘመኑም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታላላቅ ዘውዶች የወደቁበት፣ በምትካቸውም ሕዝብን በኃይል ለመግዛት የሚሹ አዳዲስ ሥልጣናት የተነሡበት ነበር። ቅድስት ቤተክርስቲያን በዚያ ጊዜ ዓለምን ልታሳስብ የፈለገችው ከሁሉ በላይ ያለው ንጉሥ ማን እንደሆነና መንግሥቱም ምን ዓይነት እንደሆነ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በካምባ ደጋ በሚገኝ አንድ ጸሎት ቤት ስለዚሁ በዓል ሲነገር፣ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፤ «ክርስቶስ ካዎ ነው ትሉናላችሁ። ካዎ ስለ ሕዝቡ ያርዳል። የእናንተ ካዎ ስለ እኛ ምን አረደ?» ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። መምህሩም ስለ አሮጌው ልማድ ጥቂት ተናግሮ ወደ ሌላ ርእስ አለፈ። መምህሩ እኔ ነበርሁ። ጥያቄው ግን ከትምህርቴ ይልቅ ወደ ወንጌል የቀረበ እንደነበረ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ለሽማግሌው ጥያቄ በዚያን ቀን ሊሰጥ ይገባው የነበረውን መልስ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. ካዎ ማን ነው?

በጋሞ ደጋ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚኖረው አርባ ያህል በሚሆኑ ደሬዎች ተከፍሎ ነው። እያንዳንዱ ደሬ የራሱ መሬት፣ የራሱ መሰብሰቢያ አደባባይ ማለትም ዱቡሻ፣ የራሱም ካዎ ነበረው። በአማርኛ ካዎን «ንጉሥ» ብለን እንተረጉመዋለን፤ ትርጉሙም ትክክል ነው። በጎረቤታችን በወላይታም በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ተሸንፎ የተማረከው የመጨረሻው ንጉሥ ጦና በዚሁ ስም ካዎ ጦና ይባላል።

ይሁን እንጂ የጋሞ ካዎ እንደ ልቡ የሚያዝ ገዢ አልነበረም። የደሬው ጉዳይ የሚመከረውና የሚቆረጠው በዱቡሻ በተሰበሰቡት ሰዎች ነው። ሀላቃም በሕዝቡ ተመርጦ፣ ለሹመቱ ከሀብቱ ታላቅ ግብዣ አድርጎ ሕዝቡን ያገለግላል። የካዎ ዋና ሥራ ሌላ ነበር። በቤተ ሰብ አባት ስለ ቤቱ፣ በጎሳም ታላቁ ስለ ጎሳው መሥዋዕት እንደሚያቀርብ፣ እንደዚሁም ካዎ የደሬው ሁሉ ባይራ፣ ማለትም በኩር ሆኖ፣ ስለ ዝናም፣ ስለ እህል፣ ስለ ከብትና ስለ ሰላም በሁሉ ፈንታ ይሠዋ ነበር። ታናሹ በታላቁ በኩል ካልሆነ በቀር አይሠዋም። እንግዲህ በጋሞ ሰው ጆሮ «ካዎ» የሚለው ቃል ሲነገር ከዙፋን አስቀድሞ የሚታሰበው መሥዋዕት ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጋሞ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ ከካዎዎቹ ብዙዎቹ ባላባት ተብለው ግብር ሰብሳቢ ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ባላባትነቱ ቀረ። ቃሉ ግን አልጠፋም። ዛሬ ወንጌል በጋሞኛ ሲነበብ ንጉሥ «ካዎ» ይባላል፤ መንግሥተ እግዚአብሔርም የምትጠራው ከዚሁ ቃል በወጣ ስም ነው።

2. እስራኤል ንጉሥ በለመነች ጊዜ

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ነገሥታት ሲናገር አያሞካሽም። የእስራኤል ሽማግሌዎች እንደ አሕዛብ ሁሉ ንጉሥ ይንገሥልን ባሉ ጊዜ፣ ነቢዩ ሳሙኤል ንጉሡ ከእነርሱ የሚወስደውን አንድ በአንድ ቆጠረላቸው፤ ወንዶች ልጆቻቸውን ለሠረገላው፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ለወጥ ቤቱ፣ ምርጥ እርሻቸውን ለሹማምንቱ፣ ከመንጋቸውም ዐሥራት (1ሳሙ. 8፣ 10-18)። የሳሙኤል ንጉሥ የሚታወቀው በመውሰዱ ነው።

ኦሪት ዘዳግም ደግሞ እግዚአብሔር የሚወደውን ንጉሥ መልክ ይነግረናል (ዘዳ. 17፣ 14-20)። ፈረስ፣ ሚስቶችና ወርቅ እንዳያበዛ፣ የሕጉን ቅጂ ለራሱ ጽፎ ዕድሜውን ሁሉ እንዲያነበው፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ ታዝዟል። ሰሎሞን በጥበቡ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን የተከለከሉትን ሦስቱንም አበዛ፤ ከሞተም በኋላ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ (1ነገ. 10-12)። አባቱ ዳዊትም የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ባሏን አስገደለ። ዳዊትን ከሳኦል የለየው ንጹሕ መሆኑ አይደለም፤ ነቢዩ ናታን በፊቱ ቆሞ ሲገሥጸው ነቢዩን ሳይገድል በደሉን ማመኑ ነው (2ሳሙ. 11-12)።

ከዚህ የምንማረው መመዘኛ ቀላል ነው፤ ማንኛውም ንጉሥ ሲመዘን፣ «ከሕዝቡ ምን ወሰደ? ስለ ሕዝቡስ ምን ሰጠ?» ተብሎ ይጠየቃል።

3. ከታሪክ ሦስት ነገሥታት

በዚሁ መመዘኛ ሦስት አፍሪካውያን ነገሥታትን እንመልከት።

የመጀመሪያው በአራተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነገሠው ኢዛና ነው። አባ ሰላማ ተብሎ በሚጠራው በቅዱስ ፍሬምናጦስ አማካይነት ክርስትናን ተቀበለ። ቀድሞ በገንዘቡ ላይ ይቀረጽ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ቀርቶ በስፍራው መስቀል ተተካ። ኢዛና በዚህ አድራጎቱ ከእርሱ በላይ ጌታ እንዳለ በገበያው ሁሉ ፊት መሰከረ።

ሁለተኛው በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ዐፄ ካሌብ ነው። በደቡብ ዓረብ፣ በናግራን የነበሩ ክርስቲያኖች ስለ እምነታቸው በተገደሉ ጊዜ፣ በ525 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ባሕር ተሻግሮ ዘመተ። ትውፊት እንደሚነግረን በመጨረሻ ዙፋኑን ትቶ፣ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በጌታ መቃብር ዘንድ እንዲሰቀል አደረገ፤ እርሱም መንኖ በገዳም ኖረ። የሮማ ቤተክርስቲያንም ኤልስባን በሚለው ስም ከቅዱሳን ጋር ታስበዋለች። ካሌብ በሰይፍ ድል ያደረገ ንጉሥ ነው፤ ቤተክርስቲያን አብልጣ የምታስታውሰው ግን ዘውዱን አውልቆ ያኖረበትን ሰዓት ነው።

ሦስተኛው የቡጋንዳው ካባካ ምዋንጋ ነው። በቤተ መንግሥቱ የሚያገለግሉ ወጣቶች ከንጉሡ የበለጠ ንጉሥ አለን፤ ክፉውን ፈቃድህንም አንፈጽምም ስላሉት ብዙዎቹን አስገደለ። ቅዱስ ካሮሎስ ልዋንጋና ባልንጀሮቹ በ1878 ዓ.ም. በናሙጎንጎ በእሳት ተቃጠሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1957 ዓ.ም. ሃያ ሁለቱን የኡጋንዳ ካቶሊካውያን ሰማዕታት ቅዱሳን ብለው አወጁ። ምዋንጋ ሕይወታቸውን ወሰደ፤ ነፍሳቸውን ግን ሊወስድ አልቻለም።

በአገራችንም የዘውድ ዘመን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ አበቃ። ሰው የሚያስቀምጠው ዙፋን ሁሉ ያልፋል። ታዲያ የማያልፈው ምንድን ነው?

4. ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ

በኦሪት ዘፍጥረት መልከ ጼዴቅ የሚባል ሰው እናገኛለን። የሳሌም ንጉሥ ነው፤ የልዑል እግዚአብሔርም ካህን ነው፤ ለአብርሃም እንጀራና ወይን ያወጣለታል (ዘፍ. 14፣ 18)። በእስራኤል ንጉሥነትና ክህነት የተለያዩ ነበሩና ይህ ሰው እንግዳ ነው። የዕብራውያን መልእክት ግን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዚህ ሥርዓት ንጉሥም ካህንም እንደሆነ ያስተምራል (ዕብ. 7)። እንግዲህ ስለ ሁሉ የሚሠዋ ንጉሥ ለጋሞ ሰው እንግዳ አሳብ አይደለም። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ በሕዝቦች ባህል ውስጥ የተሰወረ የቃሉ ዘር እንዳለ ያስተማረው እንዲህ ያለውን ነው።

ነገር ግን ዘሩ ፍሬ ይሆን ዘንድ አንድ ታላቅ ልዩነት መታወቅ አለበት። ካዎ በየዓመቱ በሬ ወይም በግ ያርዳል፤ በዓመቱም ደግሞ ማረድ ያስፈልገዋል። ክርስቶስ ግን የሌላውን ደም ይዞ አልቀረበም፤ ራሱን አቀረበ፤ ይህንም አንድ ጊዜ ለዘላለም ፈጸመው (ዕብ. 9፣ 11-14፤ 10፣ 11-14)። ሕዝቡ እንጀራ በልቶ ሊያነግሠው በፈለገ ጊዜ ብቻውን ወደ ተራራ ሸሸ (ዮሐ. 6፣ 15)፤ የንጉሥነት ጽሑፍ በራሱ በላይ የተሰቀለው ግን በመስቀል ላይ ነው (ዮሐ. 19፣ 19)። ዘውዱ እሾህ፣ ዙፋኑም እንጨት ሆነ። ከእኛ የወሰደው ቢኖር ኃጢአታችንን ነው። የጋሞ አባቶች ጎሜ የሚሉትንና ምድርን ያከብዳል ብለው የሚፈሩትን በደል ሁሉ እርሱ ተሸከመው።

ቅዱስ ጳውሎስም ክርስቶስን በኩር ይለዋል (ሮሜ 8፣ 29፤ ቆላ. 1፣ 15-18)። ባይራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። በታላቅ ወንድማችን በኩል ወደ አብ እንቀርባለን። በቅዳሴም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ለሽማግሌው፣ «አባታችን፣ የእኛ ካዎ ሌላ አላረደም፤ ስለ እርስዎና ስለ እኛ የታረደው እርሱ ራሱ ነው» ተብሎ ሊመለስላቸው ይገባ ነበር።

5. በዚህ መንግሥት ማን ይቀርባል?

እስከዚህ ያለው መልስ ደስ ያሰኛል። የሚቀጥለው ግን ራሳችንን እንድንመረምር ያስገድደናል።

በጥንቱ ሥርዓት በዱቡሻ የሚቀመጡትና በመሥዋዕቱ የሚካፈሉት ማላ የሚባሉት ነበሩ። ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ የሚባሉት ቆዳ አልፊዎችና ቀጥቃጮች ከጉባኤው፣ ከጋብቻና ከማዕድ ይለዩ ነበር። የሁሉ እንስራና ድስት በእጃቸው ይሠራል፤ የሁሉ ማረሻ በእጃቸው ይሳላል፤ እነርሱ ግን በሩቅ ይቆማሉ። ይህ ልማድ ዛሬ ተዳክሟል፤ ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። ከጸሎት ቤት በኋላ በማን ቤት ቡና እንደምንጠጣና የልጆቻችንን ጋብቻ ስንመክር ስለ ማን ዝም እንደምንል እናውቃለን።

በምሥጢረ ጥምቀት ቅብዓ ሜሮን ስንቀባ፣ ካህን፣ ነቢይና ንጉሥ በሆነው በክርስቶስ አካል አባላት እንሆናለን። ይህ ቅባት ለማላ አይበዛም፤ ለማናና ለደጋላም አያንስም። ቅዱስ ጴጥሮስ የንጉሥ ካህናት ያለው የተጠመቁትን ሁሉ ነው (1ጴጥ. 2፣ 9)። ቅዱስ ያዕቆብም በጉባኤ ለባለጠጋው መልካም ስፍራ ሰጥተው ድኻውን የሚያቆሙትን ይገሥጻል (ያዕ. 2፣ 1-4)። የተቀባውን ወንድሙን ከማዕዱ የሚለይ ክርስቲያን ለክርስቶስ ንጉሥ በዓል ዘምሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ ንጉሡን ከደጁ መልሷል።

ለእንዲህ ያለው መለወጥ ከባህላችን ውስጥ ደግሞ መልካም ምሳሌ አለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግፍ በተሰማ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌ በልጅ ፊት ሲንበረከክ ያየ ሰው፣ ጌታና መምህር ሲሆን በደቀ መዛሙርቱ እግር አጠገብ ዝቅ ያለውን ንጉሥ (ዮሐ. 13) ለማስተዋል ሩቅ አይደለም። ለሰላም የተንበረከከው ጉልበት ለሸክላ ሠሪዋም ክብር ሊንበረከክ ይችላል።

6. ለመምህራን ምክር

ስለ ካዎ ስታስተምሩ አባቶችን አትናቁ፤ ስለ ዝናምና ስለ ሰላም የፈለጉት እውነተኛ ነገር ነበርና። አሮጌውን መሥዋዕትም ከአዲሱ ጋር አታደባልቁ፤ የክርስቶስ መሥዋዕት ጭማሪ አይሻምና። ንዑሰ ክርስቲያን ሲጠይቅ ደግሞ፣ ጥያቄው ከአሮጌው ልማድ የመጣ ቢመስል እንኳ እስከ መጨረሻው አድምጡት።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

ሀ. ሳሙኤል የገለጸው ንጉሥና ዘዳግም የገለጸው ንጉሥ በምን ይለያያሉ? በቤታችን፣ በዕድራችንና በሰበካችን ሥልጣን ያለን ሰዎች የትኛውን እንመስላለን?

ለ. «ካዎ» እና «ባይራ» የሚሉት ቃላት ክርስቶስን ለማወቅ በምን ይረዱናል? በምንስ ይወሰናሉ?

ሐ. በጸሎት ቤታችን እስካሁን በሩቅ የሚቆም ማን ነው? ከሚመጣው የክርስቶስ ንጉሥ በዓል በፊት ወደ እርሱ የሚሄደውስ ማን ነው?

መንግሥቱ ፍጻሜ የሌለው ንጉሣችን፣ ሁላችንን በአንድ ማዕድ ይሰብስበን። አሜን።