መጀመሪያ ጋሪውን ሥሩ

ደርስሊ በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሻየር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ሮበርት አሽተን ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ፋብሪካውን የከፈተው እዚያ ነው። ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1960ዎቹ ድረስ «ዲ» የሚል ስም የሰጠውን ባለአንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ሲያመርት ኖረ፤ ቁጥሩም ሩብ ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ኃይሉ 1.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። በደቂቃ የሚዞረውም 700 ጊዜ ነው። በዛሬ ዓይን ከቁም ነገር የሚቆጠር አይመስልም። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ሞተር ከጉድጓድ ውሃ ስቧል፤ የላም ማለቢያ መሣሪያ አንቀሳቅሷል፤ የበግ ጸጉር መሸለቻ አዙሯል፤ እንጨት ሰንጥቋል፤ መብራት ባልደረሰበት ቤት አምፖል አብርቷል። በኋላ የኤሌክትሪክ መስመር እስከ ገጠሩ ሲዘረጋ እንጀራውን ተቀማና በረት ጥግ፣ አጥር ሥር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተጥሎ ቀረ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ ነበር። ዛሬ በዚያው አገር ጡረተኞች፣ ወጣቶች፣ አባትና ልጅ ሆነው የሚሠሩ ሰዎች እነዚህን ሞተሮች ከወደቁበት እያወጡ ያስነሷቸዋል። በበጋቸው ወራት በሜዳ ላይ የአሮጌ ማሽን ትርዒት ይደረጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው የዶርሴት ታላቁ የእንፋሎት ትርዒት በዚህ ስሙ የገነነ ነበር። ሞተሮቹ ገመድ በተወጠረበት መስመር ተሰልፈው፣ እንደ ድሮው ውሃ እየሳቡና እህል እየፈጩ ይታያሉ። ለዓመታት በዝገት የታሰረ ብረት ተነሥቶ ሲሠራ ማየት ለእኔ ከብዙ የማነቃቂያ ንግግር ይበልጣል። እዚያ ተአምር የለም። ያለው የሥራ ቅደም ተከተል ነው፤ ቅደም ተከተልን ደግሞ ማንም ሊማረው ይችላል።

እናንተም ቤት የቆመ ነገር አለ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የተቋረጠ ትምህርት፣ ተዘግቶ የቀረ ሱቅ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ክራር፣ በግማሽ የቀረ ቤት። ስለ እሱ ስታስቡ ደረታችሁን የሚከብዳችሁ ከሆነ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

የቆመ ሞተር ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው በጉልበቱ ነው። ከባዱን መንኮራኩር ይዞ ይገፋዋል። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ስለነከሰ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ረጅም ብረት ያመጣል፤ መዶሻ ይጨምራል። የእነዚህ ሞተሮች አካል ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ብዙ ክብደት ይሸከማል፣ አይታጠፍም፣ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። ለዓመታት ዝናብና ብርድ ያልሰበረውን ሞተር በአንድ ከሰዓት ስሜት የሰበሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ መዶሻውን አስቀምጡና ጋሪ ሥሩ።

ብዙ ሰው ጋሪውን ለመጨረሻ ያቆየዋል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የሚሠራ ጌጥ ይመስለዋል። እኔ ከሁሉ በፊት መሠራት አለበት ባይ ነኝ። ሞተሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ ለእያንዳንዷ ቡሎን ታጎነብሳላችሁ። ወዲያ ወዲህ ለማለት ጎረቤት መለመን አለባችሁ። ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት ማስገባት አይቻልም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራው ይሰለቻል፤ ሸራ ይለብሳል፤ ይረሳል። ጋሪ ላይ ከወጣ ግን ወገባችሁ ቀና ይላል፤ ሥራው ብርሃን ወዳለበት ይመጣላችኋል፤ ማታ ገፍታችሁ ታስገቡታላችሁ፤ ጠዋት ገፍታችሁ ታወጡታላችሁ።

ጋሪው ራሱ የተከበረ ሙያ ነው። ሁለት ወፍራምና ረጅም የእንጨት ወራጆች ጎን ለጎን ይጋደማሉ፤ እንግሊዞቹ ኦክ ወይም አሽ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ይመርጣሉ። በአግዳሚ እንጨት ይያያዛሉ። የሞተሩ እግሮች ከወራጆቹ ጋር በረጃጅም ቡሎን ይታሰራሉ፤ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ሲሠራ ስለሚንቀጠቀጥ ዳዶው በሁለተኛ ዳዶ ይቆለፋል፤ ያለዚያ በራሱ ጊዜ ይላላል። ከሥር አራት የብረት ጎማ ይገባል። የፊተኛው አክስል መሃሉ ላይ በአንድ ወፍራም ፒን ይያዝና ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ መጎተቻውም ከእሱ ይነሳል። ታዲያ እንጨቱን ከመቁረጥ በፊት ሞተሩን መለካት ግድ ነው። መንኮራኩሩ ወራጁን ሳይነካ መዞር አለበት። የማስነሻው እጀታ ወደ ታች ሲወርድ መሬት እንዳይመታ፣ ወደ ላይ ሲመጣም የሰው ትከሻ እንዳያስጨንቅ የጋሪው ከፍታ ይሰላል። ጎማዎቹ ራቅ ራቅ ብለው ካልተተከሉ ከባዱ ሞተር በመታጠፊያ ላይ ይገለበጣል። በመጨረሻ እንጨቱ የተልባ ዘይት ይጠጣል። ብየዳ የሚችል ሰው በብረት ሊሠራው ይችላል፤ ይጠነክራል፤ እኔ ግን እንጨቱን እወዳለሁ፤ ንዝረቱን ዋጥ ያደርገዋል፤ በፋብሪካ ዘመኑም አንዳንዱ ሞተር በእንጨት ጋሪ ላይ ሆኖ ከማሳ ማሳ ይጎተት ነበር።

አሁን ወደ ራሳችሁ ኑ። ትምህርቷን አቋርጣ የነበረች እናት እንደገና ልትጀምር ስትነሳ ብዙ ጊዜ የምታደርገው መጽሐፍ ገዝቶ ሌሊቱን ሙሉ ለማንበብ መማል ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልጅ ይታመማል፤ እንግዳ ይመጣል፤ መሐላው ይፈርሳል። ከመጽሐፉ በፊት የሚያስፈልጋት ሥራውን የሚሸከምላት ነገር ነበር፦ ማንም የማይነካው የአንድ ሰዓት ቀጠሮ፣ የሳሎኑ ጥግ ላይ የሷ ብቻ የሆነ ጠረጴዛ፣ ያን ሰዓት ልጁን የምትይዝላት እህት ወይም ጎረቤት። ይህን ማዘጋጀት አንድ ወር ቢፈጅ እንኳ የባከነ ወር አይደለም። እንዲያውም ትምህርቷ የተጀመረው በዚያ ወር ነው። ሱቁን መልሶ ሊከፍት የሚፈልግ ሰውም ዕቃ ከመጫኑ በፊት የሒሳብ መዝገቡን፣ የኪራዩን ውል፣ ዱቤ የማይሰጥበትን ደንብ አስቀድሞ ያቁም። ጉጉታችሁን አከብራለሁ፤ ጉጉት ግን ክብደት አይሸከምም።

ሞተሩ ጋሪ ላይ ከወጣ በኋላ የትዕግሥቱ ሥራ ይመጣል። ካንዴላው ይፈታና በቀዳዳው ሰርሳሪ ዘይት ይፈስሳል። አንዳንዶች አሴቶንን ከአውቶማቲክ መኪና ካምቢዮ ዘይት ጋር ቀላቅለው ይጠቀማሉ። ከዚያ ይጠበቃል። ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት። በየቀኑ ትንሽ ይጨመራል፤ መንኮራኩሩ በእጅ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይሞከራል፤ ክዳኑ ከተነሳ ደግሞ በፒስተኑ ላይ እንጨት ተደርጎ በቀስታ መታ መታ ይደረጋል። በመሃሉ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ዘይቱ ግን በፒስተኑ ቀለበትና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል እየሰረገ ነው። አንድ ቀን የፀጉር ያህል ንቅናቄ ይሰማል። ያን ቀን ሰውዬው ጮሆ ሚስቱን ይጠራል፤ እውነቱን ነው፤ ፀጉር ያህል የተነቃነቀ ፒስተን የተፈታ ፒስተን ነው። እንግሊዝኛ ለመማር ሦስት ወር ደክማችሁ ምንም አልተለወጠም ብላችሁ ከሆነ፣ ያን ሦስት ወር እንዲህ ቁጠሩት።

ዕቃው ሲፈታ ፎቶ ይነሳል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በየከረጢቱ ገብቶ ስሙ ይጻፍበታል። ለዝገቱ ደግሞ የማደንቀው ዘዴ አለ። የዛገው ቁራጭ ሶዲየም ካርቦኔት በሟሟበት ውሃ ውስጥ ይነከርና ከባትሪ ቻርጀር አሉታዊ ገመድ ጋር ይያያዛል፤ አዎንታዊው ከሌላ ተራ ብረት ጋር። ኤሌክትሪኩ ሌሊቱን ዝገቱን ያላቅቃል፤ ጤነኛውን ብረት ግን አይበላም። በአሸዋና በፍርፍር ድንጋይ ቢፋቅ ከዝገቱ ጋር የፋብሪካው ምልክት አብሮ በሄደ ነበር። ሥራው ነፋስ በሚገባበት ቦታ መሆን አለበት፤ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው። በአዎንታዊው በኩል የማይዝግ ብረት መጠቀም ክልክል ነው፤ መርዛም የክሮሚየም ውህድ ይፈጥራል። የድሮ ጋስኬቶችም አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል በደረቁ አይፋቁም።

ከሁሉ የምወደው ግን የማግኔቶው ነገር ነው። «ዲ» ባትሪ የለውም። ብልጭታውን የሚፈጥርለት ማግኔቶ የሚባል፣ ሞተሩ ሲያዞረው ከማግኔት ኃይል ኤሌክትሪክ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ብዙ ሞተር «ሞቷል» ተብሎ የተጣለው ብልጭታ አጥቶ ነው። ሲከፈት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፑንቲናው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ክፍል፣ ላይ የተጋገረ ስስ ቆሻሻ ነው። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፤ ክፍተቱ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል፤ በእጅ ሲዞር ሰማያዊ ብልጭታ ይዘላል። ማግኔቱ ቢደክም እንኳ እንደገና ኃይል መስጠት ይቻላል። ድምፄ ጠፋ፣ እጄ ረሳ፣ ዕድሜዬ ሄደ ለምትሉ ሁሉ ይህን በሙሉ ልቤ እነግራችኋለሁ፦ ዝም ብሎ የተቀመጠ ችሎታ ከጠፋ ችሎታ ጋር አንድ አይደለም። ክራሩን አውርዱና ክሮቹን ቃኙ። የመጀመሪያው ቀን ጣታችሁ ይደነቃቀፋል፤ ያ የስስ ቆሻሻው ድምፅ ነው።

ልብ የሚሰብር አንድ ጉዳት አለ፤ እሱም ከሥራ ብዛት የመጣ አይደለም። የ«ዲ» ሲሊንደር የሚቀዘቅዘው አናቱ ላይ ባለ ክፍት የውሃ ሣጥን ነው። ውሃው ይፈላል፣ ይተናል፣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ሰው ይጨምርበታል። በእንግሊዝ ክረምት ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በመጠን ዘጠኝ በመቶ ያህል ስለሚያድግ ወፍራም የብረት ግድግዳ ይሰነጥቃል። መከላከያው ቀላል ነበር፤ ከሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቧንቧ መክፈት ብቻ። ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሞተር በአንዲት ውርጭ ሌሊት የተሰነጠቀው ባለቤቱ ማታ ደክሞት ውሃውን ሳያፈስ ስለገባ ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ ለጊዜው ስታቆሙ በሥርዓት አቁሙት። ትምህርት ስታቋርጡ ደብዳቤ ጽፋችሁ፣ ሰነዳችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሱቅ ስትዘጉ ዕዳችሁን አጣርታችሁ ዝጉ። ነገ ተመልሶ የሚመጣ ሰው በሩን የሚያገኘው እንደተወው ነው።

ቀለምን በተመለከተ በአስነሺዎቹ ዘንድ ክርክር አለ። አንዳንዱ ሞተሩን እስከ ብረቱ ፍቆ የፋብሪካውን ጥቁር አረንጓዴ ቀለም አዲስ አድርጎ ይቀባዋል። ሌላው የተላላጠውን የድሮ ቀለም በዘይት ጨርቅ ብቻ አብሶ ይተወዋል። እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ። የገበሬው እጅ የላጠው ቦታ፣ የቤንዚን ጠብታ ያጠቆረው ጥግ የሞተሩ የሥራ ምስክር ወረቀት ነው። ዓመታትን በአረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች እህቴ ሆይ፣ የሕይወት ታሪክሽን ስትጽፊ እነዚያን ዓመታት ባዶ አድርገሽ አትለፊያቸው። ቋንቋ ተምረሻል፤ ቤት አስተዳድረሻል፤ በጭንቅ ውስጥ ጸንተሻል። በግልጽ ጻፊው።

በመጨረሻ ዘይቱ ይሞላል፤ ውሃው ይጨመራል፤ ቤንዚኑ ይከፈታል። ይህ ከቤት ውጭ ይደረጋል፤ ጭሱ በዝግ ቤት ይገድላል። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል ሆኖ እጀታው ይያዛል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ እጅ እንዳይሰበር ነው። ከዚያ ወደ ላይ ሳብ! ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው አይነሳም። ጋሪው ግን ጸንቶ ቆሟል፤ እጀታው በልኩ ነው፤ ደግሞ መሞከር አያደክምም። እንደገና ሳብ፣ ጭስ ተፋ፣ ዱክ አለ፣ ዱክ ዱክ ዱክ።

የሊስተር ስም ለእኛም ባዕድ አይደለም። ያው ፋብሪካ «ሲ ኤስ» የተባለውን ዘገምተኛና ብርቱ የናፍጣ ሞተር እ.ኤ.አ. ከ1930 ገደማ እስከ 1987 አምርቷል፤ ባለ6 የፈረስ ጉልበቱ በደቂቃ 650 ዙር ይዞራል። በአገራችን ገጠር ስንት እናት እህሏን ተሸክማ በሞተሩ ድምፅ ተመርታ ወፍጮ ቤት ደርሳለች። ዛሬ ብዙ ቦታ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ተተክቷል፤ አሮጌው የናፍጣ ሞተር ግን በየወፍጮ ቤቱ ጓሮ ወድቆ ሊሆን ይችላል። በህንድ ራጅኮት የዚህ ሞተር ቅጂ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ስለኖረ መለዋወጫው ጨርሶ አልጠፋም። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች፣ ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞች፣ ለበዓል ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ልጆች፦ ባለወፍጮውን አባት ጓሮአቸው ያለውን አሳዩኝ በሏቸው። ስሙንና መለያ ቁጥሩን ከሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ እንዴት ያስነሱት እንደነበር ጠይቋቸው። ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ ከመሸጡ በፊት፣ ይህን ሳምንት ሂዱ።